የመስኮቱ ጋሼ

«ዘጠኙን ጣይው። እሺ፣ ስንት ቀረሽ?»

ድምፁ የመጣው ከአባቷ ክፍል ነው። መምህርቷ አንዱን ጫማ አጥልቃ ሌላውን በእጇ እንዳንጠለጠለች ባለችበት ቆመች። ገና ከጠዋቱ አንድ ሰዓት አልሆነም። የአባቷ በር ተዘግቷል፤ ያ በር ደግሞ ማጠፊያው ከላላ ወዲህ ወንበር ካላስደገፉት አይዘጋም። ሽማግሌው በጠዋት ተነስተው ወንበር አስደግፈዋል ማለት ነው። «ጎበዝ! አሁን የታችኛውን። ኧረ ቀስ፣ ማን ያባርርሻል?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ይሄ ለሰው የሚነገር ነገር ነው። ሰው ከራሱ ጋር ሲያወራ ራሱን ይሰድባል እንጂ «ጎበዝ» አይልም፤ ቢልም ራሱን «አንቺ» ብሎ አይጠራም።

በሩን ገፋችው። ወንበሩ ሲሚንቶው ላይ ተንሸራቶ ጮኸ። አባቷ አልጋው ጠርዝ ላይ፣ እናቷ ትተኛበት በነበረው በኩል ተቀምጠዋል፤ ቀኝ እጃቸው ብርድ ልብሱ ሥር ነው።

«ከማን ጋር ነው የሚያወሩት አባባ?»

«ሬዲዮ ነው።»

ሬዲዮኑ መስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጧል። ባትሪው ካለቀ ወር አልፎታል፤ «ባትሪ ግዢልኝ» እያሉ የሚጨቀጭቋት ራሳቸው ናቸው። መምህርቷ ሬዲዮኑን አየች፣ ብርድ ልብሱን አየች፣ አባቷን አየች። አባቷ ጣሪያውን አዩ። «ቁርስዎ ተከድኗል» ብላ ወጣች። እናቷን «አንቺ» እያለች ነው ያደገችው፤ አባቷን ግን አንቱ ነው የምትላቸው። አምስተኛ ክፍል ያስተማሯት እሳቸው ነበሩ፤ ዓመቱን ሙሉ በክፍል ውስጥ ከሌሎቹ ልጆች ጋር «ጋሼ» ስትላቸው ከረመችና፣ ትምህርቱ ሲያልቅ አንቱታው እቤት ድረስ ተከትሏት መጣ።

ወጥ ቤት ገብታ ውሃ ቀዳች። ከመደርደሪያው ላይኛው ክፍል፣ ከቆርቆሮዎቹ ጀርባ፣ በፌስታል ተቋጥሮ የተቀመጠ አንድ ሰማያዊ ብርጭቆ አለ። የወንድሟ ነው። አሥራ አራት ወር ሙሉ ማንም አልነካውም፤ ማንም ደግሞ አልጣለውም። ስልኳን አወጣችና የሌሊት መልእክቱን እንደገና አነበበችው። «ነገ ጠዋት ወደ ወደቡ እሄዳለሁ፤ የሁለት ዓመት ኮንትራት ነው። ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጥቼ አባባን ልሰናበተው? በር ላይ ቆሜም ቢሆን።» ወንድሟ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። በልጅነቱ ከየሱቁ ደጃፍ የጠርሙስ ክዳን እየለቀመ ኪሱን ስለሚሞላ ቆርኪ ይሉታል፤ አርባ ሊሞላው ሲልም ቆርኪ ነው። መልስ አልሰጠችውም። ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

እናቷ የሞተችው በወረርሽኙ ነው። ትምህርት ቤቱ በተዘጋ በሦስተኛው ወር ላይ፣ አንድ እሑድ ቆርኪ ከመንገድ መጣ። አንድ ጀሪካን ዘይት ይዞ ነው የመጣው። ማስኩን አውልቆ በላ፣ በዚያ ሰማያዊ ብርጭቆ ውሃ ጠጣ፣ ሁለት ጊዜ አሳለ። ሐሙስ እናቷን አተኮሳት። በአሥራ አንደኛው ቀን ሆስፒታሉ በር ላይ አንዲት ነርስ ወጥታ ራሷን ነቀነቀች። መምህርቷ ያኔ ወደ ወንድሟ ዞራ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አንተ ነህ የገደልካት» አለችው። ቆርኪ አፉን ከፈተ፤ አባቱን አየ፤ አፉን ዘጋ። አባቷ የጫማቸውን ጫፍ ይመለከቱ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ቆርኪ እዚያ ቤት አልገባም። ከእሑድ እስከ ሐሙስ አራት ቀን ነው። መምህርቷ ይህን ስሌት ስንት ጊዜ እንደሠራችው ቁጥር የለውም፤ በሠራችው ቁጥር ይገጥማል።

ትምህርት ቤቱ ከተከፈተ ገና ሁለተኛ ወሩ ነው። በሩ ላይ ባለቧንቧ በርሜል ተቀምጧል፤ ዘበኛው ሳሙናውን በገመድ አስሮ ይጠብቃል፤ ሳሙና በእጥፍ ከተወደደ ወዲህ ኪስ ውስጥ የሚገባ ነገር ሆኗል። ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ዛሬ፣ ግማሹ ነገ ይመጣል። መስኮቶቹ ቀኑን ሙሉ ክፍት ስለሆኑ ልጆቹ ኮታቸውን አያወልቁም። ከሃምሳ ሁለቱ ሰባቱ አልተመለሱም። አንዱን መስቀለኛው መንገድ ላይ ማስክ ሲሸጥ አይታዋለች፤ ሲያያት ማስኩን ዓይኑ ድረስ ስቦ ከመኪኖቹ መሃል ተሰወረ። አንዷ ሰው ቤት ተቀጥራለች ይባላል። የተመለሱትም ቢሆኑ የተመለሱት ግማሽ ሆነው ነው፤ የማባዣ ሠንጠረዡ ከአራት በላይ ሲሄድ ዓይናቸው ይፈዛል።

ርዕሰ መምህሩ ከደረጃው ሥር ጠበቃት። በዕድሜ ታናሿ ነው፤ ሥራ ሲጀምር የትምህርት ዕቅድ አጻጻፍ ያሳየችው እሷ ናት። ስለዚህ ሲያዛት ዓይኗን አያይም።

«ግቢማ አንዴ» አላት።

ቢሮው ውስጥ አንድ ሰማያዊ ማኅደር ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ትምህርት በተዘጋበት ጊዜ የነበረው አሠራር እንዲህ ነው፦ ሰኞ ሰኞ መምህራኑ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው የጥያቄ ወረቀት ያድላሉ፤ ዓርብ ወላጅ የተሠራውን አምጥቶ ትልቅ ካርቶን ውስጥ ይጥላል። በሽታው ወረቀት ላይ ይቆያል ስለተባለ ካርቶኑ ሦስት ቀን ሳይነካ ይቀመጣል። ከዚያ፣ አድልዎ እንዳይኖር፣ መምህራኑ ወረቀቱን ተቀያይረው አንዱ የሌላውን ክፍል ያርማል። የዚያ ወረቀት ውጤት ከመቶ አርባ ይይዛል። አርባው ከሌለ ልጁ ዓመቱን ይደግማል።

«አንድ ወላጅ ከስሷል» አለ ርዕሰ መምህሩ። «ከክፍልሽ አራት ልጆች፣ በፊት ከመቶ ከሃያ አምስት በላይ አግኝተው የማያውቁ፣ እቤት ሲቀመጡ ሊቅ ሆነዋል። እኔም ወረቀቱን ገለጥኩት። አራቱም ወረቀት ላይ ይሄ ነገር አለ፤ እይው። አንድ ሰው ነው የሠራላቸው። ምንድን ነው ይሄ? ታውቂዋለሽ?»

ከእያንዳንዱ ማባዛት ጎን ትንሽ ኤክስ ተሠርታለች። በኤክሷ አራት ክፍተት ውስጥ አራት ቁጥር አለ። መምህርቷ አወቀችው። የድሮ መምህራን ማረጋገጫ ነው፤ ዛሬ መጽሐፍ ላይ የለም። የአንዱን ቁጥር አሃዞች ደምረህ፣ ዘጠኝ ሲሞላ እየጣልክ፣ የቀረውን ከላይ ታስቀምጣለህ፤ የሌላውን ከታች፤ የሁለቱን ብዜት በግራ፤ የመልሱን በቀኝ። ግራና ቀኙ ከገጠመ ስሌቱ አልፏል ማለት ነው። ይህንን የሚያውቅ ሽማግሌ ሌላም ሊኖር ይችላል። ነገር ግን በእነዚህ ኤክሶች ውስጥ ዜሮ መሆን ያለበት ቦታ ሁሉ ዜሮ የለም፤ ነጥብ ነው ያለው። «ባዶ ቤት ስም አይወጣለትም፤ ነጥብ ይበቃዋል» የሚሉ አንድ ሰው ብቻ ናቸው።

«አላውቀውም» አለች።

«እንግዲያው እስከ አሥር ሰዓት ድረስ አራቱ ላይ ዜሮ ሞልተሽ ፈርመሽ አምጪልኝ። ነገ ከወረዳው ይመጣሉ። እሾህ ተሸክሜ አልቀበላቸውም።»

ማኅደሩን በብብቷ ይዛ ስትወጣ የጠዋቱ ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ነበር። ዘጠኙን ጣይው። እንግዲህ ሽማግሌው የልጆች የቤት ሥራ ይሠሩ ነበር! ለምን? በነፃ? የተበታተኑ ነገሮች አንድ በአንድ ይመጡላት ጀመር። ባለፈው ዓመት ከመስኮቱ ደፍ ላይ የተገኙት አምስት ብርቱካኖች፤ «ጎረቤት ነው» ያሉት። አባቷ እርሳስ ሳይኖራቸው አልጋቸው ሥር የሚጠረገው የእርሳስ ቅርፊት። የስልክ ካርዳቸው በሳምንት የሚያልቀው። ጡረተኛ ሰው ለማን ይደውላል? ደረጃው ላይ ቆማ የአራቱን ልጆች አድራሻ አየች። አራቱም ከጫማ ፋብሪካው ጀርባ ካለው መንደር ናቸው። የአባቷ ክፍል መስኮት የሚከፈተው ወደዚያ መንደር መተላለፊያ ነው።

ከአራቱ አንዷ ዛሬ ተራዋ ነው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የምትቀመጥ ቀጭን ልጅ ናት። የትልቅ ሰው ማስክ ስለምታደርግ ከፊቷ ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየው፤ ልጆቹ ዓይኖ ይሏታል። ከመዘጋቱ በፊት ሰሌዳ ላይ ስትጠራ ታለቅስ ነበር። መምህርቷ 347 × 26 ብላ ጻፈችና ጠመኔውን ዘረጋችላት። ልቧ ውስጥ ያለውን ብትጠየቅ አትናገረውም እንጂ፣ ልጅቷ እንድትወድቅ ፈልጋ ነበር። ከወደቀች ነገሩ ሁሉ ግልጽ ይሆናል፤ ዜሮው ይሞላል፤ ከአባቷ ጋር ያለውም ይዘጋል።

ዓይኖ አላለቀሰችም። ጠመኔውን ሰብራ አጭሩን ያዘች፤ ይሄም የሽማግሌው አመል ነው። ከላይ ወደታች ወረደች፣ ደመረች፣ 9202 ብላ ጻፈች። ከጎኑ ኤክሷን ሠራች። ከላይ አምስት፣ ከታች ስምንት፣ በግራ አራት፣ በቀኝ አራት። ሄዳ ተቀመጠች።

«ጨረስሽ?»

«ገጥሟል ቲቸር።»

መልሱ ስህተት ነው። መምህርቷ ሰሌዳውን አየች። ከኋላ አንዱ «ዓይኖ ተበላች» ሲል ሌሎቹ ከማስካቸው ሥር ሳቁ። ዓይኖ ዞራ ገላመጠችውና እንደገና ሰሌዳውን ትክ ብላ ተመለከተች። ከዚያ ሳትጠራ ተነሳች።

«ቲቸር፣ ልድገመው? ሲገጥም አልፏል ማለት ነው እንጂ ልክ ነው ማለት አይደለም። ቁጥሮቹ ቦታ ከተለዋወጡ ኤክሷ አታውቅም። ጋሼ ‹ሲገጥምልሽ ነው መጠራጠር ያለብሽ› ነው የሚሉት።» ሁለቱን መስመሮች እንደገና ደመረች፣ 9202ን በመዳፏ አጠፋችና 9022 ብላ ጻፈች። ኤክሷን አልነካቻትም። ኤክሷ ያው ነበረች፤ በግራ አራት፣ በቀኝ አራት።

«የትኛው ጋሼ?»

ዓይኖ እጇን ማስኳ ላይ ጫነች። የጠመኔው ዱቄት አምስት ጣት ሆኖ ጥቁሩ ጨርቅ ላይ ቀረ።

እረፍት ላይ ከበርሜሉ ጀርባ አገኘቻት። ልጅቷ ዳቦዋን በወረቀት ጠቅልላ ይዛለች፤ አልገመጠችውም።

«አልቆጣሽም። ንገሪኝ ብቻ።»

«የመስኮቱ ጋሼ ናቸው» አለች ዓይኖ መሬት መሬቱን እያየች። «አይሠሩልንም! ማርያምን አይሠሩልንም። ካልሠራን መስኮቱን ይዘጉብናል። በፊት በፊት በአካል ነበር፤ እኛ ውጭ፣ እሳቸው ውስጥ። ሰኞና ዓርብ፣ እርስዎ ወረቀት ሊያድሉና ሊሰበስቡ ሲወጡ።»

«እኔ ስወጣ?»

«‹መምህሯ ካየቻችሁ እናንተንም እኔንም በበረኪና ነው የምታጥበን› ይሉ ነበር።» ዓይኖ ሳቀች፤ ሳቋን ወዲያው ዋጠችው። «እትዬም ነበሩ። ማስክ ስላልነበረን ከሻሻቸው ቀደው ሰፉልን። ብርጭቆ በመስኮቱ ብረት መሃል እያሳለፉ ውሃ ያጠጡን ነበር። እሳቸው ከሞቱ በኋላ ጋሼ በስልክ አደረጉት። እናቴ ስትወጣ ስልኳን ትታልኝ ነው። ዛሬ ጠዋት ግን ተቋረጠብን።»

መምህርቷ እናቷ በፌስታል ሻሽ ስትለቅም የነበረበትን ቀን አስታወሰች። «ለመወልወያ ነው» ብላት ነበር። እንግዲህ እናቷም ዋሽታታለች። ሙት ይዋሻል? በሕይወት እያለ የዋሸው ይበቃዋል።

«ዳቦሽን ብዪ» አለቻት።

መምህራን ማረፊያ ውስጥ ማንም አልነበረም። ማኅደሩን ገልጣ የዓይኖን ወረቀቶች በየቀናቸው ደረደረቻቸው። አንድ ሳምንት ይጎድላል። በወረቀቱ ፋንታ ከደብተር የተቀደደ ብጣሽ ተሰክቷል፤ «ልጅቷን ስላተኮሳት ይሄን ሳምንት አልሠራችም። እናቷ» ይላል። መምህርቷ ቀኑን አየችው። ጣቶቿ ሳታዛቸው መቁጠር ጀመሩ። ልጅቷን ያተኮሳት የመምህርቷ እናት የታመመችበት ሐሙስ ሊደርስ ሰባት ቀን ሲቀረው ነው። ሰባት ቀን። ይገጥማል። ከአራቱ ቀን ይልቅ፣ ዶክተሮቹ ሲናገሩ እንደሰማችው ከሆነ፣ ይሄ እንዲያውም በደንብ ይገጥማል።

አሥራ አራት ወር! ቆርኪ በየመንገዱ፣ በየጋራዡ፣ የእናቱን ሞት በጀርባው ተሸክሞ ሲዞር፣ ሽማግሌው እዚያ መስኮት ሥር ተቀምጠው ዝም! ተነስታ ብጣሹን ልትቀደው ያዘችው። ከዚያ ያ ቅዳሜ መጣባት።

ያንን ቅዳሜ ለማንም ነግራ አታውቅም። እሑድ ቆርኪ ከመምጣቱ ከአንድ ቀን በፊት ነው። ለመታረም የሚጠብቀው ወረቀት ተከምሮ ነበርና፣ ሦስቱን ቀን መጠበቅ ሰለቻት። ዘበኛውን አባብላ የሌላውን ክፍል ወረቀት ከካርቶኑ አውጥታ እቤት ወሰደችው። እናቷ «አምጪ እኔ ልደርድርልሽ» ብላ አልጋው ላይ ዘረጋችው። እናቷ ወረቀት ስትገልጥ ጣቷን በምራቋ ታርሳለች፤ ዕድሜ ልኳን እንዲህ ናት። ስድሳ ወረቀት፣ ስድሳ ጊዜ። መምህርቷ በሩ ላይ ቆማ አይታታለች። አንድ ነገር ልትላት አስባ ነበር። ከቅዳሜ እስከ ሐሙስ አምስት ቀን ነው። ይሄም ይገጥማል። ቆርኪን የከሰሰችው በአምስተኛው ቀን ላይ ሳትደርስ በአራተኛው ለመቆም ስትል እንደሆነ፣ አሁን፣ በባዶው ማረፊያ ክፍል ውስጥ ገባት። ምናልባት በፊትም ገብቷት ይሆናል።

ብጣሹን ወደ ቦታው መለሰችው።

አሥር ሰዓት ሲሆን ማኅደሩን ርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። ዜሮ የሚሞላባቸው አራት ሣጥኖች ባዶ ናቸው።

«ምልክቱን አውቀዋለሁ። የአባቴ ነው። አስተምረዋቸው ነው እንጂ ሠርተውላቸው አይደለም።»

«ጠዋት አላውቀውም አልሽኝ እኮ።»

«ዋሸሁ።»

ርዕሰ መምህሩ ወደኋላ ተለጠጠ። ወንበሩ እንደ ድመት አለቀሰ። «ታዲያ አሁንስ እውነት እንደምትነግሪኝ በምን አውቃለሁ? አባትሽ ናቸው። ገመና መሸፈን ያለ ነው። ደሞ ሰው መሰብሰብ በተከለከለበት ጊዜ ልጆች ሰብስበው? ይሄ ቢሰማ አንቺንም ይዞሽ ነው የሚሄደው።»

«ይሰማ። አራቱን ነገ ከወረዳው ሰዎች ፊት አስቀምጣቸውና ራስህ ፈትናቸው። እኔ ግቢው ውስጥም አልኖርም።»

«አንዱ ቢወድቅ?»

«የወደቀው ላይ ዜሮውን እኔ እሞላለሁ።»

ረጅም ጊዜ አያት፤ የሚፈልገው አንድ የተደበቀ ነገር ያለ ይመስል ነበር። ከዚያ ማኅደሩን መሳቢያው ውስጥ ከቶ ቆለፈው፤ ቁልፉንም ኪሱ ከተተ። «ሁለት ሰዓት ላይ» አለ። «ጥያቄውን የማወጣው ግን እኔ ነኝ። ለአባትሽም እንዳትነግሪያቸው።»

እቤት ስትደርስ አባቷ በክፍላቸው፣ በመስኮቱ በኩል ተቀምጠዋል። ስልካቸው አልጋው ላይ በግልጽ ተቀምጧል፤ መደበቁን ትተውታል። ልጅቷ ደውላላቸዋለች ማለት ነው፤ ሁሉንም ያውቃሉ። መምህርቷ በሩ ላይ ቆመች። መስኮቱ በልኩ አንድ ሰው ወንበር አስጠግቶ የሚቀመጥበት ነው። የብረቱ ቀለም ከመሃል ላይ ተልጧል፤ ብርጭቆ የሚያልፍበት ቦታ ላይ። ይህንን መላጣ ስንት ጊዜ ስትወለውል አይታዋለች።

«ለምን ዝም አሉ አባባ?» አለች።

አባቷ ስለ የትኛው ዝምታ እንደምትጠይቅ አልጠየቋትም።

«እናትሽ ናት ያመጣቻቸው» አሉ። «ከዚህ ሆና መንገድ ላይ ሲንከራተቱ ታያለች። ‹እነዚህ ልጆች ሊደነቁሩ ነው፣ አንተ ደግሞ ጋዜጣ ታነባለህ› አለችኝ። ምን ልበላት?»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩት። ሆስፒታሉ በር ላይ ስናገር ለምን ዝም አሉ?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት፤ መልሰው አላደረጉትም። «ልናገር ነበር። ልጁ ቀደመኝ። በዚያ እሑድ እኮ የልጆቹን ነገር አውቋል፤ እሱ ሲመጣ ዓይኖ ብቻዋን መጥታ፣ ከሕመም ተነስታ፣ ያመለጣትን እንዳስረዳት ብላ መስኮቱ ጋ ቆማ ነበር። ጠመኔ የገዛልን እሱ ነው። ከቀብሩ ስንመለስ ጎትቶ ወደ ጎን ወሰደኝና ‹እኔ ላይ ይሁን አባባ፤ እኔ መንገድ ላይ ነኝ፤ እናንተ አንድ ቤት ውስጥ ናችሁ› አለኝ።» «እኔም ተቀበልኩት። መልካም መስሎኝ አይደለም፤ ስለቀለለኝ ነው።»

መምህርቷ ይህንን ለማመን ፈለገች፤ ወዲያውም ተጠራጠረችው። ቆርኪ እንዲህ ብሎ ይሆን? ወይስ ሽማግሌው ሌሊት ሌሊት ሲያበጃጁት የኖሩት ነገር ነው? ከቆርኪ አፍ ካልተሰማ ማን ያውቃል? አልጋው ላይ፣ በእናቷ በኩል ተቀመጠች።

«ወረቀቶቹን» አለች። «ያን ቅዳሜ ያመጣኋቸውን። ሦስቱን ቀን አላስቀመጥኳቸውም ነበር።»

«አውቃለሁ። ካርቶኑ የሚከፈተው ሰኞ እንደሆነ አንቺው ነግረሽናል እኮ። ስትደረድራቸው አይቻለሁ።»

«አይተው ነው ምንም ያላሉኝ?»

«አንቺስ ስትደረድር አይተሽ ምን አልሻት?»

ከግድግዳው ማዶ ጎረቤት ድስት ይፍቃል። አሥራ አንድ ሰዓት አልፎ ነበር። መምህርቷ መልእክቱን እስካሁን እንዳልመለሰችለት ትዝ ያላት መስኮቱ ሁለት ጊዜ ሲንኳኳ ነው። በሩ አይደለም፤ መስኮቱ።

ቆርኪ መተላለፊያው ላይ ቆሟል። ማስኩ ንጹህ ነው፤ ምናልባት አሁን መታጠፊያው ላይ የተገዛ። በእጁ አንድ ካርቶን ጠመኔ ይዟል። እህቱን እዚያ ሲያያት አንድ እርምጃ ወደኋላ አለ።

«መልስ ስላልሰጠሽኝ» አለ፤ «በበሩ ልመጣ አልደፈርኩም። ይቺን ለአባባ ሰጥቼ ልሄድ ነው።»

ካርቶኑን በብረቱ መሃል ለማሳለፍ ሞከረ፤ ክፍተቱ አልበቃውም። ዞር አድርጎ ሞከረ፤ አሁንም አላለፈም። አባታቸው «አንተ የቆርኪ ጭንቅላት፣ ከፍተህ አንድ አንድ አትሰጥም?» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ቀልዱን እስከ መጨረሻው አላደረሰውም።

«ተወው» አለች መምህርቷ። «በመስኮት ምን ያደርግሃል? ዙረህ ግባ።»

ወጥ ቤት ገብታ ወንበር ላይ ወጣች። የፌስታሉ ቋጠሮ በአሥራ አራት ወር ጠጥሮ ነበር፤ በጥርሷ ፈታችው። ሰማያዊውን ብርጭቆ በሳሙና አጠበችው። አንዴ አለቅልቃ ልታበቃ ብላ እንደገና አጠበችው፤ ሦስተኛ ጊዜ ሳሙናውን ስታነሳ እጇን አየችና መልሳ አስቀመጠችው። ውሃ ቀዳችበት።

ቆርኪ በሩ አጠገብ ባለው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ሲጠሩት ለመነሳት እንደተዘጋጀ ሰው። ማስኩን አላወለቀም። ብርጭቆውን ሲያየው አወቀው። ተቀብሏት ጥቂት ጊዜ በእጁ ያዘው፤ ከዚያ ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ እስከ መጨረሻው ጠጣ። ሲጨርስ አንድ ጊዜ አሳለ።

አባቷ ቀና አሉ። እህትየው ቀና አለች። ማንም ማንንም አላየም።

«የመንገዱ አቧራ ነው» አለ ቆርኪ፤ ማስኩን ለመመለስ እጁን ሰደደ።

ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ መቁጠሩ በራሱ ጊዜ ጀመረ። ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ። መምህርቷ እንዲያቆም ብትፈልግም እንደማያቆምላት ታውቃለች፤ ለሁለት ሳምንት ልብስ ስታጥብም፣ ሰሌዳ ስትደመስስም በሆዷ ትቆጥራለች። «ተወው፣ ይውረድ» አለችው ማስኩን፣ ወንበሯንም ጎትታ ጉልበቷ ጉልበቱን እስኪነካ ድረስ አጠገቡ ተቀመጠች። ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ።